አያትየውን ያላስማማው ኢግቦ

በኢንተርኔት መድረካችን ላይ የተለጠፈው ጥያቄ አጭር ነበር። መልሱ ግን 33 ደርሶ ነው የቆመው፤ እሱም አንዱ ተሰርዞ። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላጣችሁ ዋና ዋናውን ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጠያቂዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ የምትኖረው ሂውስተን ነው። ባሏ ናይጄሪያዊ ኢግቦ ነው፣ ኤኑጉ ግዛት ውስጥ ካለችው ከንሱካ አካባቢ። የሰባት ዓመት ልጃቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የኢግቦ ማኅበረሰቡ ያዘጋጀውን የቋንቋ ትምህርት ይማራል። በቅርቡ ንሱካ ላሉት አያቱ በቪዲዮ ተደውሎ፣ ልጁ የተማረውን ሰላምታ በኩራት አቀረበ። ንዴዎ አለ። ኬዱ ብሎም ጠየቀ። አያትየው ሳቁና ዴጄ ብለው መለሱለት፤ ከዚያ በራሳቸው አነጋገር ወሬያቸውን ቀጠሉ። ልጁ አንድም ነገር አልያዘም። ስልኩን ለአባቱ አቀብሎ ሄደ። አያትየው በኋላ ይህ ልጅ የሚያወራው እንደ ሬዲዮ ነው ብለዋል አሉ።

እና የእናትየው ጥያቄ ይኼ ነው። ኢግቦ የሚባለው አንድ ቋንቋ ነው ወይስ ብዙ? ልጇስ የትኛውን ይማር? ባሏን ስትጠይቀው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋታል።

መልስ 1 ምርቃት ነው። ልጁን ያሳድግልሽ፣ በሁለት አገር ቋንቋ ያስመካሽ፣ ምናምን። ከምርቃቱ ቀጥሎ ግን ነገሩን ቀለል አድርጎ አለፈው። የጎጃምና የሸዋ አማርኛ እንደሚለያየው ነው፣ ልጁ ሲያድግ ይለምደዋል አለ።

ሁለተኛው መላሽ በትህትና አረመው። ጎጃሜና ሸዌ ተቀምጠው ሲያወሩ አስተርጓሚ የሚፈልግ የለም። ኢግቦ ላይ ግን ዳርና ዳር ያሉ ሰዎች የምር አይግባቡም። ለእኛ አገር ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ጉራጌኛ ነው፤ የክስታኔና የቸሃ ተናጋሪ እንዴት እንደሚሆኑ አስቢው አላት። ምሳሌው ጥሩ ነበር። በኋላ ግን የውይይቱን ክር የቀወጠውም ይኼው ምሳሌ ነው፤ እደርስበታለሁ።

መልስ 3 የጻፈው ቦሌ ኤርፖርት የሚሠራ ልጅ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከነሐሴ 2013 ጀምሮ ኤኑጉ እንደሚበር አስታወሰን፤ በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ በረራ እሱ ነው። ወደ ቻይናዋ ጓንዡ ከተማ ለንግድ የሚሄዱ ኢግቦዎች በቦሌ ያልፋሉ። ከነሱ መሐል አንድ ጊዜ ሁለት ነጋዴዎች በር ላይ ተራ ሲጠብቁ ሰማ። አንዱ የንኔዊ ሰው ነው፤ ንኔዊ በሞተር መለዋወጫ ንግድ የታወቀች ከተማ ናት። ሌላው ከአባካሊኪ። በኢግቦ ጀመሩ። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከሄዱ በኋላ የንኔዊው ሰውየ ፊቱን ኮምተር አድርጎ ምን አልክ እያለ መጠየቅ ጀመረ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ፒጂን፣ ናይጄሪያ ውስጥ ወደሚነገረው ቅልቅል እንግሊዝኛ፣ ዞሩ። እስኪሳፈሩ ድረስ በፒጂን ነው ሲሳሳቁ የነበሩት።

4ኛው አልተዋጠለትም። ከተሜ ነጋዴ የገጠር አነጋገር ገብቶትም ያልገባው ይመስላል ሲል ጻፈ። ሦስተኛው መልስ 5 ላይ ብቅ ብሎ፣ የሰውየውን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ አንተ አይደለህም ብሎ ዘጋው። የመጀመሪያዋ ጠጠር ይቺ ነበረች።

መልስ 6 ካርታውን ዘረጋው። የኢግቦ አገር ሲባል አምስት ግዛት ነው፦ አናምብራ፣ ኢሞ፣ አቢያ፣ ኤኑጉና ኤቦኒ። ከኒጀር ወንዝ ማዶ ዴልታ ግዛት ውስጥ አሳባና አካባቢዋ አሉ። በደቡብ በኩል ፖርት ሃርኮርት ዙሪያ ኢክዌሬና ኤቼ የሚባሉት ሕዝቦች ይገኛሉ። ተናጋሪው በግምት 30 ሚሊዮን ይጠጋል። የቦሌው ልጅ ያየውንም ደገፈለት። አባካሊኪ አካባቢ ያሉት ኢዚ፣ ኤዛና ኢክዎ በዓለም አቀፉ የቋንቋ መዝገብ የየራሳቸው መለያ ተሰጥቷቸው እንደ ተለያዩ ቋንቋዎች ተቆጥረዋል። የንኔዊው ሰውዬ ቢቸገር አይደንቅም።

ሰባተኛዋ ቋንቋ ያጠናች ትመስላለች። ልዩነቱ በምን እንደሚታወቅ አሳየች። አናምብራ በኩል ነገርን ኢፌ፣ ስምን አፋ ይላሉ። ኢሞና አቢያ ደግሞ ኢሄ እና አሃ። ፌውን በሄ መተካት ብቻ ከሆነ ቀላል ነበር። ግን ግሡ፣ አሉታው፣ መጠየቂያውም ይለያያል። ቀጥላ ስለ ድምፅ ከፍታ አነሣች። አክዋ የሚለው ቃል ድምፁ ከፍና ዝቅ ሲል ልቅሶ፣ ጨርቅ፣ እንቁላልና አልጋ ይሆናል አለች።

ስምንተኛው እዚህ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። ስለ ኢግቦ የሚጽፍ ሁሉ ይቺን አክዋ ሳይጠቅስ አያልፍም፣ ሰለቸን አለ። ኢግቦዎቹ እኮ እንቁላል ሲገዙ ልቅሶ አይሰጣቸውም። ይልቅ ለልጁ የሚከብደው ጽሕፈቱ ነው። ስምንት አናባቢ አለ፤ አናባቢዎቹ በሁለት ጎራ ይከፈላሉ፤ በአንድ ቃል ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ጎራ ብቻ ናቸው የሚገቡት። ሁለቱን ጎራ በጽሑፍ የምትለየው ከፊደሉ ሥር በምትደረግ ነጥብ ነው። ሰው በስልኩ ሲጽፍ ደግሞ ነጥቧን ይተዋታል። የድምፅ ከፍታውንማ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የሚጽፈውም የለ። ከአነጋገሩ ሻካራነት በቀር ልክ ነበር። ሰባተኛዋ መልስ አልሰጠችውም፤ ሃያ ሰው ግን ላይክ አድርጎለታል።

መልስ 9 ከሁሉም ረጅሙ ነው። እኔን ያቆየኝም እሱ ነው። ልጁ ሬዲዮ የመሰለው ለምንድን ነው ለሚለው እውነተኛ መልስ የሰጠው ይህ ሰው ብቻ ነበር።

እንዲህ ይላል። ሚሲዮናውያኑ በ19ኛው መቶ ዘመን ኢግቦን መጻፍ ሲጀምሩ ኢግቦ አገር ውስጥ አልነበሩም። ሴራሊዮን ነበሩ። ከባሪያ መርከብ ነፃ ወጥተው ፍሪታውን ከሰፈሩ ኢግቦዎች ነው የተማሩት። ከየአካባቢው የተለቀመ ሰው ያወራው የነበረው ድብልቅ ኢሱአማ ተባለ። ሳሙኤል አጃይ ክራውዘር፣ እሱ ራሱ ነፃ የወጣ ዮሩባ ነው፣ በ1857 በዚሁ ድብልቅ የመጀመሪያውን የኢግቦ ማስተማሪያ አሳተመ። ኢግቦ አገር ውስጥ ወዳለችው ኦኒቻ ወርደው ሲያስተምሩበት ግን ሕዝቡ እንደሚፈለገው አልተከተላቸውም። ተዉት።

ቀጥሎ ቶማስ ጆን ዴኒስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ መጣ። ለእያንዳንዱ አነጋገር መጽሐፍ ቅዱስ ማሳተም አይቻልም፣ አንድ የጋራ ይበጅ ተባለ። ከኦኒቻ፣ ከኦዌሪ፣ ከአሮቹኩ፣ ከኡንዋናና ከቦኒ ሰዎች ሰበሰበና አብረውት ቃል በቃል እየመረጡ ሠሩ። ዩኒየን ኢግቦ የሚሉት እሱ ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1913 ወጣ። ዴኒስ ግን ብዙ አልቆየም። በ1917 ወደ አገሩ ሲጓዝ መርከቡ በቶርፒዶ ተመታችና ሞተ። መጽሐፉ ትውልድ ሙሉ ተነበበ፤ ሰው ጸለየበት፣ ፊደል ቆጠረበት። በዚያ ቋንቋ እናቱን ውኃ ስጪኝ ያለ ልጅ ግን የለም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ሙከራ ተደርጓል። በ1930ዎቹና በ40ዎቹ መጀመሪያ አይዳ ዋርድ የምትባል እንግሊዛዊት የቋንቋ ሊቅ ኦዌሪንና ኡሙአሂያን መሠረት ያደረገ ማዕከላዊ ኢግቦ የሚባለውን አቀረበች። በ1949 የኢግቦ ቋንቋና ባህል ማበልጸጊያ ማኅበር ተቋቋመ፤ መሥራቹ ኦግባሉ ነው። ዛሬ መደበኛ ኢግቦ የምንለው ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው። ፈተናው፣ መጽሐፉ፣ የሂውስተኑ የቅዳሜ ክፍልም በሱ ነው የሚሄደው። ዘጠነኛው ሲጨርስ ታዋቂውን ኢግቦ ደራሲ ቺኑዋ አቼቤን ጠቀሰ። አቼቤ በ1999 ኦዌሪ ላይ ትልቅ ንግግር ሲጋበዝ መደበኛውን ትቶ በራሱ አካባቢ አነጋገር ተናገረ። ዴኒስንም ክፉኛ ወቀሰ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የመደበኛው ኢግቦ ሰዎች እንዳልወደዱለት መገመት አያቅትም።

ከዚህ በኋላ ድምፀቱ ተለወጠ። መልስ 10 ሁሉም የቅኝ ገዢ ሥራ ነው፣ ይጣል አለ። እንደዚያ ነው የጻፈው፣ በሁለት መስመር። 11ኛዋ ቀበል አደረገችው። ጥለህ ምን ልታነሳ ነው? መደበኛ ባይኖር ኖሮ መጽሐፉን በስንት አነጋገር ልታትመው ነው? ቢቢሲ በየካቲት 2018 የኢግቦ አገልግሎት ሲጀምር በየትኛው ይጽፍ ነበር? አማርኛው፣ ትግርኛውና ኦሮምኛው ከጥቂት ወራት በፊት በመስከረም 2017 ነው የተጀመሩት፤ እነሱስ በየሰፈሩ አነጋገር ነው እንዴ የሚጽፉት? እኔ ከ11ኛዋ ጋር ነኝ። የተጣመመ መደበኛም ቢሆን ከሌለው ይሻላል። የ9ኛውን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግን የአያትየው ሳቅ ይበልጥ ይገባኛል።

መልስ 12 የፊደል ጠቡን ጨመረ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አዲስ የአጻጻፍ ሥርዓት መጣ። መንግሥትና ካቶሊኮቹ ተቀበሉት። አንግሊካኖቹ አሻፈረን፣ የድሮው ይበቃናል አሉ። አንድ ቋንቋ ሠላሳ ዓመት ለሚሆን ጊዜ በሁለት ዓይነት ተጻፈ። የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሌላውን መጽሐፍ ሲያነብ ይደናገር ነበር። በ1961 በዶክተር ኦንዉ የተመራው ኮሚቴ ነው ያስማማቸው። ባለነጥቡ አጻጻፍ እስከዛሬ በሊቀመንበሩ ስም ይጠራል።

13ኛዋ ያስታወሰችን ነገር ያስቃል፣ ያናድዳልም። የናይጄሪያ ዩኒቨርሲቲ በ1960 የተከፈተው ንሱካ ላይ ነው። ኢግቦን በዲግሪ የሚያስተምር ክፍል አለው። ከግቢው አጥር ውጪ ያለው የንሱካ ሰው አነጋገር ግን የሌሎች ኢግቦዎች መሳቂያ ነው። አብዛኛው ኢግቦ «አይደለም» ለማለት ምባ ሲል እነሱ ዋዋ ስለሚሉ፣ ዋዋዎች የሚል ቅጽል ወጥቶላቸዋል። በፍቅርም ይባላል፣ በንቀትም። ለጠያቂዋም እህቴ፣ ባልሽ ትከሻውን የሚነቀንቀው ለዚህ ይሆናል፣ ልጅ እያለ ትምህርት ቤት ምን ይሉት እንደነበር ጠይቂው አለቻት።

መልስ 14 ኢክዌሬን አነሳ። ኢግቦዎች የሚበዙበት ምሥራቅ ናይጄሪያ ቢያፍራ ተብሎ ልገንጠል በማለቱ የተነሳው የቢያፍራ ጦርነት በ1967 ተጀምሮ በጥር 1970 አለቀ። ኢግቦ ተሸነፈ። ፖርት ሃርኮርት የነበረው የኢግቦ ቤትና ንብረት ባለቤት የለውም ተብሎ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ብዙ ኢክዌሬዎች እኛ ኢግቦ አይደለንም አሉ። የሰፈር ስሙም ኡሙ ብሎ ይጀምር የነበረው ሩሙ ሆነ፣ ኦቢግቦ የነበረችው ከተማ ኦዪግቦ ተባለች። ተሸናፊ ላለመባል ሲሉ ስማቸውን ለወጡ ብሎ ደመደመ።

15ኛው ፖርት ሃርኮርት በነዳጅ ሥራ ዓመታት ያሳለፈ ሐበሻ ነው። ይህን ቃል እዚያ ደፍረህ አትናገረውም አለው። ኢክዌሬዎቹ ሩሙ የጥንት አጠራራችን ነው፣ ኡሙ ብለው የጻፉት ከውጭ የመጡ ናቸው ይላሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ቋንቋቸውን ከኢግቦ ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመድቡታል፤ ቤተሰብ መሆን ግን አንድ ሰው መሆን አይደለም። ማንነቱን የሚወስነው ባለቤቱ ነው።

ይኼኔ 16ኛው ስልጤን አመጣ። ስልጤዎች በ2001 በሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ የተለየን ነን ሲሉ የሆነው ይኸው አይደለም ወይ አለ። በቃ፣ ጉድ ፈላ። 17ኛው ተሳደበ። 18ኛው በምን እንደመለሰለት አላውቅም፣ ስደርስ ተሰርዞ ነበር። አድሚኑ በ19 ገባና ክሩ ስለ ኢግቦ ነው፣ ወደ አገር ቤት ፖለቲካ የሚወስደን ሰው ይታገዳል ብሎ አስጠነቀቀ። 16ኛው ጥያቄውን በጨዋ ነበር ያቀረበው፤ ስድብ አልነበረበትም። አብሮ መገሠጹ አልተመቸኝም።

ጋሼ ብለን የምንጠራቸው የመድረካችን ትልቅ ሰው በመልስ 20 አቀዘቀዙት። በነሐሴ 1968 አፍሪካ አዳራሽ የናይጄሪያና የቢያፍራ ድርድር ሲከፈት አዲስ አበባ ተማሪ ነበሩ። የቢያፍራው መሪ ኦጁኩ ራሱ መጥቶ ነበር። ጃንሆይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የናይጄሪያ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለነበሩ ሁለቱን ወገን ለማስማማት ደከሙ። ኦጁኩ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጺሙ ደግሞ የሰፈር ወሬ ሆኖ ከረመ። አስተማሪያቸው ክፍል ውስጥ ካርታ ዘርግቶ ቢያፍራን በጣቱ ሲያሳያቸው፣ ጣቱ አገሩን ሙሉ ሸፈነው። ጋሼ ሲጨርሱ ኢትዮጵያም ለቢያፍራ እውቅና ሳትሰጥ አልቀረችም አሉ። 21ኛዋ በአክብሮት አረመቻቸው። እውቅና የሰጡት ታንዛኒያ፣ ጋቦን፣ አይቮሪኮስት፣ ዛምቢያና ሄይቲ ናቸው። ኢትዮጵያ የናይጄሪያን አንድነት ነው የደገፈችው። ጋሼ ልክ ነሽ ልጄ ብለው አመሰገኗት።

መልስ 22 ዩኔስኮ ኢግቦ በ2025 ይጠፋል ብሏል የሚለውን የቆየ ወሬ ይዞ መጣ። 23ኛው 2025 አለፈ እኮ፣ አያትየው አሁንም ስልክ ያነሳሉ ብሎ አላገጠበት። ሥጋቱ ግን ከንቱ እንዳልሆነ አልካደም። ሌጎስና አቡጃ ያሉ ብዙ ኢግቦ ወላጆች ለልጆቻቸው በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። የናይጄሪያ መንግሥት በ2022 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን ብሎ ወስኖ ነበር። በኅዳር 2025 ሻረው፤ ምክንያቱም የፈተና ውጤት አበላሸ የሚል ነው። ሦስት ዓመት ባልሞላ፣ በአብዛኛው በወረቀት ላይ በቀረ ፖሊሲ ውጤት ተበላሸ ማለት ለእኔም አይዋጥልኝም።

24ኛው ከእስራኤል፣ ከኔታንያ ነው። ራሳቸውን አይሁድ ነን የሚሉ ኢግቦዎች እንዳሉና እስራኤል በይፋ እንዳልተቀበለቻቸው ጻፈ። የእኛዎቹን የቤተ እስራኤልን ነገር ያውቀዋልና ዘለግ ያለ አስተያየት ነበረው። ማንም አልተከተለውም።

ለጥያቄዋ በቀጥታ የመለሰችው 25ኛዋ ናት። ለንደን ያለች፣ የአናምብራ ሰው ያገባች ሐበሻ። ኢግቦ ቤት እንግዳ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚቀርበው የኮላ ፍሬ ነው፤ ኦጂ ይሉታል። ሰርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ ያለሱ ወግ አይጀመርም። ሳህኑ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሽማግሌው አንዱን አንሥቶ ይመርቅበታል፣ ከዚያ ይሰበራል፤ ስንት ቦታ እንደተከፈለም ይቆጠራል። ኦጂ እንግሊዝኛ አይሰማም የሚል አባባል አላቸው። እሷ ታዲያ ያየችው ሌላም ነገር ነው። የባሏ አጎት ምርቃቱን የሚያደርጉት በመንደራቸው አነጋገር ነው። ከኢሞ የመጡ እንግዶች ግማሹ ባይገባቸውም ኢሴ እያሉ በአሜን ይቀበላሉ። አንድ ቀን ልጅሽ ያን ሳህን ይይዛል፣ የአያቱን ይማር አለቻት።

26ኛው ቆጣ ብሎ ልጁ ሽማግሌ ሊሆን አይደለም፣ ቋንቋ ሊማር ነው አለ። ንሱካኛ የሚያስተምር መጽሐፍ የት ታገኛለች? 27ኛው በመሐል ገብቶ የሚሠራ ነገር አቀበለ። አያትየው ተረት በድምፅ እየቀዱ በዋትስአፕ ይላኩ። ልጁ ክፍል ውስጥ የተማረውን ፊደል ተጠቅሞ የሰማውን ይጻፈው፤ ነጥቡንም አይተው።

ጠያቂዋ በመልስ 28 ተመለሰች። 13ኛዋ እንዳለችው ባሏን ጠይቃዋለች። አዳሪ ትምህርት ቤት የገባው አናምብራ ነው። ዋዋ እያሉ ስላሾፉበት በሁለት ወር ውስጥ አነጋገሩን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ የእናቱን አነጋገር የሚያወራው በስልክ ብቻ ነው፤ እሱንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጁ የቅዳሜውን ክፍል ይቀጥላል፣ አባትየው ደግሞ ቤት ውስጥ በንሱካኛ ሊያወራው ቃል ገብቷል። የክፍሉ አስተማሪ የኢሞ ሴት ናቸው። ነገሩን ስትነግራቸው አልተቀየሙም፣ ልጆቹ የየቤታቸውን ሰላምታ ይዘው እንዲመጡ አዘዙ።

የቀረው ወግ ነው። 29ኛው ናይጄሪያዊ ሁሉ ኦካፎር፣ ኦኬኬ፣ ኦኮንክዎ የሚባለው ለምንድን ነው አለ። 30ኛዋ አብራራች። የኢግቦ የገበያ ቀን አራት ነው፦ ኤኬ፣ ኦሪዬ፣ አፎና ንክዎ። ወንድ ልጅ በተወለደበት ቀን ይሰየማል። በኤኬ የተወለደ ኦኬኬ፣ በአፎ ኦካፎር፣ በንክዎ ኦኮንክዎ። 31ኛው ታዲያ በኦሪዬ የተወለደው የት ሄደ ብሎ ያዛት። ኦኮሪዬ ነው ብላ መለሰች። ይኼኔ 7ኛዋ፣ ከአክዋው በኋላ ዝም ብላ የነበረችው፣ በ32 ተመልሳ መጣች። አናምብራ በኩል ቀኑን ኦሪዬ ሳይሆን ኦዬ ስለሚሉት እዚያ የተወለደው ኦኮዬ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ኦኮሪዬና ኦኮዬ አንድ ስም ናቸው፤ የአባትየው አገር ከስሙ ይታወቃል። 8ኛው ይቺስ አዲስ ናት አላት። ለእሱ ይህ ይቅርታ መሆኑ ነው።